ሁለት ድስት፣ አንድ ትሪ

«ይሄ ሰው ከእናንተ ጋር ነው የሚበላው ወይስ ለብቻው?» አለች ሴትዮዋ፣ በአስተርጓሚ። ልጄ ዘይነባ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የእህቴ ልጅ ሰኢድ ጥጉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሽሮውን ይበላል። እኔ ደግሞ በእጄ ጉርሻ ይዣለሁ። ጉርሻው የማን እንደሆነ ኋላ ትደርስበታለህ።

ከመልሱ በፊት እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገርህ። አላስረዝምብህም፤ ማውራት አልወድም።

ዘይነባ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባል ከተማ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ አብሬያት እኖራለሁ። በሳምንት ጥቂት ቀን ሆቴል ታጸዳለች፤ የጎደለውን ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው የምግብ ኩፖን፣ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ፉድ ስታምፕ ወረቀት ነበር። እንደ ትኬት እየገነጠልክ ለካሸሯ ትሰጣለህ፤ ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ ጋሪህ ውስጥ ያለውን ይቆጥራል። ሥጋ ከገዛህማ አለቀልህ። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ይሄን ችሎታ ያገኘሁት ከትዳር ነው።

ሰኢድ ከዳላስ በአውቶቡስ መጣ። ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። ሥራ ያልነበረው ጊዜ ማንም ምንም አላለም። ጣጣው የመጣው ሥራ ሲያገኝ ነው። አየህልኝ? እኛ አገር ሰው ሥራ ሲያገኝ ይመረቃል። እዚህ መጀመሪያ ሪፖርት ይደረጋል።

ሥራው ፎርት ስኔሊንግ ያለው ኤርፖርት ውስጥ ነው፤ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቼር ይገፋል። የመጀመሪያ ደሞዙን ይዞ ሲመጣ መረቅሁት። ዘይነባ ግን ስልኩን አንስታ ለኬዝ ወርከሯ ነገረች። ፋይላችንን የያዘችው የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንግዲህ። ልጄ መደበቅ አትችልም፤ ሰው ሲደብቅባት እንኳ የምታፍረው እሷ ናት። ሴትዮዋ ታዲያ አብራችሁ አብስላችሁ የምትበሉ ከሆነ የልጁ ደሞዝ የቤቱ ገቢ ነው፤ ለየብቻ ከሆነ ግን እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ቤት ነው፤ መጥቼ አያለሁ አለች።

ሶፋችን ላይ የሚተኛ ልጅ ሌላ ቤት ነው። እስቲ አንተው ፍረድ።

ዘይነባ ሆቴል አብረዋት የሚሠሩትን ሴቶች አማከረች። ሁሉም ለብቻው ነው የሚበላው በይ አሏት። አንደኛዋማ ደሞዙ ከተቆጠረ ፉድ ስታምፑ ድራሹ ይጠፋል፤ የእኔ ጠፍቶ የለም ወይ አለቻት። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም። ሰኢድም ይሄን ሲሰማ ራቅ ብሎ ኩን ራፒድስ ክፍል አግኝቻለሁ፣ ልውጣላችሁ አለ።

ደግ ልጅ ነው። ግን ከወጣ የሚያዋጣው የቤት ኪራይ አብሮት ይወጣል። መኪና የለው፣ ክረምቱ ደርሷል። እናቱስ ምን ትለኛለች? ወንድሜ ልጄን በኩፖን ለወጠው ልትለኝ ነው። ሰኢድ አልሰማ ብሎ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ አጠገብ አቆመው። ሴትዮዋ መጥታ ነገሩ ካላማረ በዚያው እወጣለሁ አለ። በልቤ ግን ይሄ ሻንጣ ከዚህ በር አይወጣም አልሁ።

ዘይነባ እያፈረችም ቢሆን የሴቶቹን ምክር ተቀበለች፤ እስከዚያው ሁለት ቤት ሆንን፣ በአንድ ኩሽና። ዘይነባና ሰኢድ ፍሪጁን በቀይ ፕላስተር ለሁለት ከፈሉት። ታችኛው መደርደሪያ የሰኢድ ሆነ። ሰኢድ በየእንቁላሉ ላይ ስሙን ጻፈ። (እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይሄን የሚጽፍልኝ ራሱ ሰኢድ ነው። የእንቁላሎቹን ነገር እንተወው አለኝ። ጻፍ አልሁት።) የልጅ ልጄ ሐያት ደግሞ እርጎውን በላችበት። ለምን ስትባል፣ «አወር ሳይድ» አለች። በእኛ በኩል ነበር ማለቷ ነው። ወሰን ካለ የወሰን ጠብ አይቀርም።

ዘይነባ በሁለት ድስት ሽሮ መሥራት ጀመረች። ያው ሽሮ፣ ያው በርበሬ። ትንሿ ድስት የሰኢድ ናት። ልጁ ትንሽ ሳህን ይዞ እንደተቀጣ ተማሪ ጥጉ ላይ ሲቀመጥ አየሁና አልበላም አልሁ።

«አባዬ፣ ልምምድ ነው እኮ» አለች ዘይነባ።

ልምምድም ቢሆን አይወርድልኝም። ብድግ ብዬ ትሪውን አንስቼ ወደ ጥጉ ሄድሁ። ልጆቹ ተከተሉኝ። ያን ቀን ሁላችንም ሰኢድ ቤት በላን። ዘይነባ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ትንሽ አየችን። ከዚያ እሷም መጣች። ግን ተቆጥታ ነው የበላችው።

ሴትዮዋ ከቀጠሮዋ ቀድማ፣ ልክ ምሳ ላይ ስንቀመጥ ደረሰች። አስተርጓሚዋ አቶ ተስፋይ ነው፤ አማርኛ ትምህርት ቤት የተማረ ኤርትራዊ፣ ሚኒሶታ ያረጀ ሰው። ወሬ ይወዳል። እንደምን ነህ ብላ ስትጠይቀኝ ደህና ነኝ አልሁ። አቶ ተስፋይ ይሄን ተቀብሎ ብዙ ተናገረ። ሴትዮዋ በሐዘን አየችኝ። ምን ብሏት ይሆን? እስከዛሬ አላውቅም።

ፍሪጁን ልይ አለች፤ ዘይነባ ከፈተችላት። ቀዩን ፕላስተር አየች። እንቁላሎቹ ላይ ግን ቆየች። አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችውና ቀስ ብላ መለሰችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቆመችና ያን ጥያቄ ጠየቀችኝ። አብሮ ወይስ ለብቻ?

ያ ጉርሻ የሰኢድ ነው። ከዳላስ ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የሱ ናት። ሌላውን ሁሉ ተለማምጄ ነበር፤ እጄን ግን ማንም አላለማመደውም። ጠቅልሎ ጨርሶ፣ ወደ ጥጉ ሊሄድ ሲል ነው የተያዘው። ምን ላድርግ? ልዋጠው? ደግሞ እንግዳ ቆማ እያየችኝ እንዴት እበላለሁ? ይሄን ማን አስተማረኝ?

ሁሉም አፌን ያያል። አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ።

«እንብላ።»

አቶ ተስፋይ እንደ ልማዱ ሊያስረዝመው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ኮቱን አውልቆ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሴትዮዋ ምን አለ፣ ምን አለ ትላለች፤ እሱ ከቧንቧው ሥር ሆኖ ይመልስላታል።

«ሰኢድ፣ ና» አልሁ።

ሰኢድ ዘይነባን አየ። ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ልጁ ተነሣ። ወንበር አልበቃም፤ ሻንጣውን ከበሩ ጎትቶ አምጥቶ ተቀመጠበት። ጉርሻውን ተቀበለኝ። ሁለተኛውን ለሴትዮዋ ጠቀለልሁ። አንዴ ጉርሻውን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ አፏን ከፈተች። ትንሽ ሳይበዛባት አልቀረም። ለጥቂት ጊዜ ጥያቄ ቀረልን።

ዘይነባ ከሻሿ ውስጥ ሆና፣ «አብረን ነው የምንበላው። ሁለቱ ድስት የእኔ ሥራ ነው» አለች።

ሴትዮዋ አገጯን ጠራርጋ፣ እንቁላሉ ላይ ነው የገባኝ፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ስሙን አይጽፍም አለች። ከቦርሳዋ የሒሳብ ማሽን አወጣች። ያኔ ነው ማንም ያልነገረን ነገር የመጣው። ለካ ሰው ሠርቶ ያገኘው ገቢ እንዳለ አይቆጠርም፤ ከላዩ ይቀነስለታል። ኪራዩም ይታሰባል። ደግሞ ደሞዙ ሲገባ አፉም አብሮ ይገባል፤ አንድ በላተኛ ጨምረናል። ስታምፑ ትንሽ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ዘይነባ አላመነችም። እንደገና አስቆጠረቻት። ያው ነው።

ያቺ የሆቴሏ ሴትስ? ኋላ ሲጣራ የእሷ የጠፋው የገባውን ደሞዝ ሳትናገር ቀርታ ኖሯል።

የቀነሰብን ሰኢድ ከሚያዋጣው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። ያን ሁሉ ጊዜ ስንለማመደው የነበረው ውሸት ቢሳካልን ኖሮ ከስረን ነበር። ልጁ አልወጣም። ሻንጣው እንደ ወንበር ትሪው ጎን ቀረ፤ ሐያት ቀዩን ፕላስተር ልጣ ወንድሟ ግንባር ላይ ለጠፈችው። ወሬ የምወድ ሰው ብሆን ያን ቀን ፎክሬ ነበር። ይልቅ ሌላ ጉርሻ ጠቀለልሁ።

ሴትዮዋ ቡትስ ጫማዋን ስታጠልቅ ጉርሻዬን ይዤ እስከ በሩ ተከተልኋት። በሁለት እጇ ከለከለችኝ፤ እየሳቀች አንድ ነገር አለች። አቶ ተስፋይ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጥሮ ተረጎመልኝ፦

«ጋሽ እንድሪስ፣ በቃኝ ትላለች። ሌላ ከጎረሰች የእሷም ደሞዝ እዚህ ቤት ሊቆጠር ነው።»