የአባት ሐረግ ሊቁ ታውኖ

«እንደምን አደርክ» ከማለቱ በፊት የቅድመ አያትህን ስም የሚጠይቅ ሰው በየመንደሩ አለ። የሌለበት መንደር ካለ ሰውየው ሞቶበት እንጂ ሳይወለድበት ቀርቶ አይደለም። በእኛ መንደር፣ በፊንላንድ ሳቮ በሚባለው አገር ሐይቅ ዳር፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሊቀ ሐረግ ታውኖ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጀልባ ሠሪ።

የክቡርነታቸው ትምህርት አጭር ነው። አብዛኛው የፊንላንድ ወንድ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ አንድ ምልክት በደሙ ይዟል፤ ምልክቱም ከኡራል ተራሮች ወዲያ፣ ከምሥራቅ የመጣ ነው። አብዛኛው ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለምና፣ የእያንዳንዱን ሰው ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠርገው ለምርመራ ይልካሉ። የሚያጠምዱት ሳውና በምንለው የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ነው። ራቁቱን በላብ ተዘፍቆ የተቀመጠ ሰው ወዴት ይሸሻል? «አፍህን ክፈት» ይላሉ። «ሰው ይዋሻል፤ ምራቅ አይዋሽም።»

እኔን በሐዘኔታ ነው ያለፉኝ። ምልክቱ በሴት አይተላለፍም። «አንቺማ ምን ታደርጊ» አሉኝ፣ ባቡር ያመለጠኝ ይመስል።

አንድ በጋ በኡራል ተራሮች አጠገብ ካለው ከኡድሙርቶች አገር አኮርዲዮን ተጫዋች ለበዓል መጣ። ዘፈኑ ሳያልቅ ክቡርነታቸው መድረኩ ላይ ወጥተው «ወንድሜ» እያሉ አቀፉት። አንድ ቃል አልተግባቡም። ሰውየው ግራ ቢገባው የራሱን የሱፍ ቆብ አውልቆ ሰጣቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆቡ ሳውና ውስጥም ከራሳቸው ወርዶ አያውቅም።

እሺ ያላላቸው ባለቤቴ ሬይኖ ብቻ ነበር። «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ እኔም ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ሐረግ ትፈልጋለህ?» ይላቸውና አፉን ግጥም ያደርጋል።

ሬይኖ የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥ ሞተ። በእኛ ዘንድ የአስከሬኑን ሣጥን የሚሸከመው ዘመድ ነው፤ በራስጌ የሚቆሙት ደግሞ የቅርብ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። በቀኝ ልጃችን ሲርካ ትቆማለች። በግራ ሰው አልነበረንም። ሬይኖ ወንድም የለውም፤ እኛም ሌላ ልጅ የለንም። ቄሱ ከቀብር አስፈጻሚው ሰው እንውሰድ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ራስጌውን ባዳ እንዲይዘው አልፈለግሁም።

በማግስቱ ታውኖ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ።

«በግራ እኔ እቆማለሁ» አለኝ። «ውጤቱ ወጥቷል። የእኔና የሬይኖ የአባት ሐረግ አንድ ነው።»

«መቼ አፉን ከፈተልህና?»

ቆቡን አገላበጠ። «አልከፈተልኝም።»

«ምራቅ አይዋሽም ስትል አልነበር?»

«ምራቅማ አይዋሽም» አለ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልቁም?»

ቆመ። ጉልበቱ ደህና አይደለም፤ ሣጥኑ ግን እስከ መቃብሩ ድረስ በግራ በኩል አላዘነበለም።

አሁን ሰው ያ በግራ የቆመው ምናችሁ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው። ታውኖ የባለቤቴ የአባት ወገን ነው። ተመርምሮ የተረጋገጠ።