የአቶ በየነ አጭር ጥያቄ

ንግግር በሚደረግበት አዳራሽ ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ተናጋሪው ይቀራል፣ መብራት ይሄዳል፣ ድምፅ ማጉያው ይበላሻል፤ እሱ ግን ይገኛል። ተናጋሪው «አመሰግናለሁ» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ይወጣል። «አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ» ይላል። አጭር የሚባል ጥያቄ በሕይወቱ ጠይቆ አያውቅም።

በካርቱም ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር አቶ በየነ ናቸው፤ የአል-ሳሃፋ ሰፈሩ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ። ሹመቱን ማንም አልሰጣቸውም። ከዓመታት በፊት የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ሊጠግኑ መሰላል ላይ ወጥተው ሳለ፣ ከታች አንድ ምሁር ሰው ለምን እንደሚረሳ ማስረዳት ጀመረ። አቶ በየነ መፍቻቸውን እንደያዙ አዳመጡት። ሲጨርስም እዚያው መሰላሉ ላይ ሆነው እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ አእምሮ፣ ስለ ትውስታ፣ ስለ ቋንቋ ንግግር አለ ከተባለ ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው።

ልጃቸው ሰርክአዲስ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። በአባቷ ስንቴ አፍራለች! የአቶ በየነ ጥያቄ ከመተማ ይነሳል፣ ገዳሪፍ ያድራል፣ በማግስቱ በጭነት መኪና ካርቱም ይገባል፤ መንገድ ላይ ያገኘውንም ሁሉ ይጭናል። ስለ ትኩረት ሊናገሩ ከውጭ የመጡ አንድ እንግዳን «ባለቤቴ ስጠራት አትሰማኝም፤ ድስት ስከፍት ግን ከጓሮ ትሰማኛለች። በየትኛው ጆሮዋ ነው?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። እንግዳው ውሃ ጠጡ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «አውራ ጣቴን በመዶሻ ስመታው በአማርኛ ነው የምጮኸው፤ ዋጋ ስከራከር በዓረብኛ። እንግዲህ ዶክተር፣ እኔ የትኛው ነኝ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰርክአዲስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጥያቄው ግን አብሯት ቤት ገባ፤ አልወጣም አለ። በመጨረሻ የምርምሯ ርእስ አደረገችው። ለአባቷ ግን አልነገረቻቸውም፤ ቢሰሙ ጥያቄዎቻቸው ምን ያህል እንደሚረዝሙ ታውቃለችና።

ጥናቷን በአዳራሹ የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ረዳት መምህር ሆና እዚያው መቅረቷ የሚወሰነው ያን ቀን ነው፤ መምህራኑ ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ለጥያቄ የምትሰጠውን መልስ ነው የሚመዝኑት። ጠዋት አባቷን በር ላይ ያዘቻቸው።

«ባባ፣ ወላሂ ዛሬ ብቻ እንዳትጠይቅ።»

«አጭር ብትሆንስ?»

«ባባ!»

«ኻላስ፣ ኻላስ፣ በቃ። ቃሌ ነው።»

አቀረበች፤ ጥሩ አድርጋ አቀረበች። ሰብሳቢው ዶክተር ሁዘይፋ «ጥያቄ?» አሉ። ዝም። ደግመው «ጥያቄ?» አሉ። አሁንም ዝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ አዳራሽ ከአቶ በየነ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ የለም። እሳቸው ከጠየቁ በኋላ የማንም ጥያቄ የሞኝ አይመስልም፤ ስለዚህ ዓይናፋሩም ተማሪ፣ ኩሩውም መምህር እሳቸውን ይጠብቃል። ለዓመታት በር ሲከፍቱ ኖረዋል። ልጃቸው ይህን ያወቀችው በሩን በገዛ እጇ ከዘጋችው በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። አቶ በየነ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው ተቀምጠዋል። ሙከይፉ በደንብ እየሠራ ላብ አጥምቋቸዋል። ዶክተር ሁዘይፋ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ሰርክአዲስ ቀልቧ ተገፈፈ።

«ባባ» አለች በአማርኛ፣ በድምፅ ማጉያው። «ጠይቀኝ።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ!»

«ቃልህን መልሼልሃለሁ። ይሄ ሁሉ ያንተ ጥያቄ ነው፤ የመዶሻው። ወላሂ ከዚያ ነው የመጣው።»

አቶ በየነ በሕይወታቸው መልስ ያገኙት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ እንዲህ ያለውንም አላገኙም። ተነሡ፣ የደነዘዘ እጃቸውን አራገፉ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሱኣል ገሲር» አሉ በዓረብኛ፤ አጭር ጥያቄ ማለታቸው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከመተማ ተነሡ። ገና ገዳሪፍ ሳይደርሱ ከግራም ከቀኝም፣ ከመምህራኑም ረድፍ ሳይቀር እጆች ይወጡ ጀመር። ሰርክአዲስ እጆቹን አየች፤ ግን ለማንም ዕድል አልሰጠችም። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አባቷን ታዳምጣለች።

ዶክተር ሁዘይፋ ሰዓታቸውን አዩ። «ያ ዓም በየነ፣ አጎቴ፣ ጥያቄው የት አለ?»

«ይታገሡ ዶክተር» አለች ሰርክአዲስ። «መንገድ ላይ ነው፤ ይደርሳል።»