ጨው ያነሰው አረንጓዴ ወጥ

ለመሆኑ የሰው ሳህን ውስጥ ዓይናችሁን የምትሰዱት ማንን አስፈቅዳችሁ ነው? አትቆጡ። መልሱን እስክትፈልጉ ድረስ እኔ ወሬዬን ልቀጥል።

በዚህ አገር የዓመቱን እኩሌታ ሥጋ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ሞልቷል። ማንም «ምን ነካው?» አይለውም፤ እንዲያውም ጾመኛ ተብሎ ይከበራል፣ ወንበር ይለቀቅለታል። እኔ ግን ያንኑ ሽምብራ፣ ያንኑ ጎመን በፋሲካ ማግስት ስበላ ሰፈሩ ሐኪም ሊጠራልኝ ይዳዳዋል። ሥጋ የተውኩት እግዚአብሔር አዞኝ ከሆነ ጻድቅ ነኝ፤ ራሴን በራሴ አዝዤ ከሆነ እብድ ነኝ። ሆዱ ግን ያው አንድ ሆድ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስመለስ ፒያሳ ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ። የእናቴ ግቢ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ እንደ አንድ የቀረች ጥርስ ብቻዋን ቆማለች። ገብቼ ሳምንት ሳልሞላ ስለ እኔ ጥናቱ ተጠናቀቀ። አንዱ «ስኳር አለባት» አለ። ሌላው «ሃይማኖት ለውጣ መጥታ ነው» አለ። «ስእለት ይሆናል፣ ተዉአት» ያሉ ደጎችም አልጠፉም። ደንበኛ የሆንኩበት ካፌ አስተናጋጅ ደግሞ፣ ዳቦዬን ያለ ቅቤ ባዘዝኩት ቁጥር ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ፣ «እማማ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ! ዜናው አልደረሰዎትም?» ይለኛል። አራዳ ነውና ሰው ሁሉ ይስቃል።

እኔ አልስቅም። ዜና ዘግይቶ ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ታናሽ እህቴ አስካለ እዚሁ ግቢ እናታችንን ታስታምም ነበር። እኔ በባዕድ አገር የሰው መጻሕፍት እየደረደርኩ እኖራለሁ። በየእሑዱ እደውላለሁ። እናቴ ጆሮዋ ስለከበደ በስልክ ማውራት ትታለች፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እማዬ ዛሬ ምን በላች?» አስካለም ትነግረኛለች። «አጥሚት ጠጣች።» «ቅንጬ አምሯት ሠራሁላት።» «ሽሮ በላች፤ ጨው አነሰው ብላ ተቆጣች።» እኔም ይህን ሰምቼ በሰላም እተኛለሁ። ጨው አነሰው ብሎ የሚቆጣ ሰው ደህና ነው፣ አይደል?

እናቴ ግን ሞታ ተቀብራ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ። እህቴ የሞተች ሴት በስልክ ስትመግብልኝ ከረመች።

ይህ በእኛ ዘንድ ወግ እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ታውቁታላችሁ። ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ በሩ ይንኳኳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት መርዶውን ይረዳል። እኔ በነበርኩበት ከተማ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሚይዘኝ እስኪገኝ ተጠበቀ። የሚይዘኝ ሳይገኝ ግን አንድ የአገሬ ሰው ባቡር ጣቢያ አገኘኝና፣ የሰማሁ መስሎት፣ «ነፍስ ይማር» አለኝ። «የማንን?» አልኩት።

በእኔና በአስካለ መካከል ያለው ነገር ይኸው ነው። ከተመለስኩ በኋላ አንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ ሳንነጋገር ወራት አለፉ። በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ መጡ። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰውንም ከፍተው፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ መልሰው የሚዘጉት ይመስላቸዋል።

«ለዳግማይ ትንሣኤ አስካለ ቤት ምሳ ትበላላችሁ» አሉ። «ከአንድ ትሪ። እሷ ታጎርስሻለች፣ አንቺም ታጎርሻታለሽ፤ በቃ።»

«እኔ ዶሮ አልበላም።»

«የሚበላው እርቁ ነው» አሉኝ።

አስካለ በበኩሏ፣ ያን ቀን እጇን ከመለስኩባት ሁለተኛ ደጄን ላትረግጥ ምላለች። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ የዚያን ቀን ድስት መጣዴን እንደ አሮጊት ቅብጠት አትዩብኝ።

በጠዋት ተነሥቼ ሙቀጫውን አወጣሁ። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሻይ ብቻ የምናውቀውን ጠጅ ሳር ከነነጩ ሥሩ ከትቼ ወቀጥኩ። ኮኮናቱን ፈቅፍቄ በሙቅ ውሃ አሸሁና በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅኩት። ጭማቂው ፈልቶ ቅባቱ ሲለይ የተወቀጠውን እዚያ ላይ አቁላላሁት። ከዚያ ደበርጃን፣ ፎሶሊያ፣ በውሃ ያደረ ሽምብራ። የታይላንድ ሰዎች የዓሣ መረቅ ይጨምሩበታል፤ እሱን ትቼ ጨው አደረግሁ። ለመዓዛው የሎሚ ቅጠልና በሶብላ ጣል አደረግሁበት።

ይህን ወጥ ያስተማረችኝ ኖይ የምትባል የታይላንድ ሴት ናት። እዚያ በኖርኩበት ሕንፃ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖር ነበር። ከባቡር ጣቢያው የተመለስኩ ዕለት ለቅሶዬን በጣሪያው ሰምታ ድስት ይዛ ወረደች። ቋንቋችን በቅጡ አይገጥምም፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ሩዙን አቀረበች፣ ወጡን አፈሰሰች፣ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ሥጋ አትበላም ነበርና ሥጋ አልነበረበትም። ለእናቴ ሞት እዝን ይዞ የመጣልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥጋ አልወርድልኝ አለ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን ለግቢው ሰው አልነገርኩም። ለእናንተ የነገርኳችሁ አብረን ስለማንበላ ነው።

ዘሃራ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዘሃራ የወሎ ሴት ናት፤ ከእናቴ ጋር ግድግዳ ተጋርታ አርጅታለች።

«ምነው እቴ፣ የሰኔ ሣር ነው የቀቀልሽው?»

«አርፈሽ ሂጂ።»

«ሥጋ የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ ለእኔም አትርፊ» ብላኝ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን። ትሪው መካከል ላይ የአስካለ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ተቀምጧል፤ የእኔ አረንጓዴ ድስት እንደ ባዕድ ዳር ይዟል። ዘሃራ በክርስቲያን የታረደ ስለማትበላ እንደ ልማዷ ዳቦና ለስላሳ ፊቷ ቀርቦላታል። ጋሽ ታደሰ ጸሎት አድርሰው በዓይናቸው አስካለን ጠቀሷት።

አስካለ አንድ ብልት ፈልፍላ፣ በእንጀራ ጠቅልላ፣ እጇን ዘረጋች። እኔ አፌን ዘጋሁ። ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። መረቁ በእጇ አንጓ ቁልቁል ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«እትዬ፣ ክፈቺ።»

«አልበላም ብያለሁ።»

«ክርስቶስ በተነሣ ሰሞን ማን ነው የሚጾመው? ሥጋውን አይደለም የተጸየፍሽው፤ የእኔን እጅ ነው!»

«እኔ የምበላው ምን አገባሽ? ሰባት ወር የሞተች እናቴን ስትመግቢልኝ ማን ጠየቀሽ?»

ከውጭ የታክሲ ጥሩንባ ይሰማል። አስካለ እጇን አላወረደችም። ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷን ተያት» አሉ። «አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ። ብቻዋን ናት፣ ማን ደግፎ ይይዛታል ብዬ።»

«ጨው አነሰው የምትለዋን ደሞ እኔ ነኝ ያስጨመርኳት» አለች ዘሃራ። «አጥሚት አጥሚት ሲበዛ እንዳትነቂ።»

ለካ በየእሑዱ ከመደወሌ በፊት ግቢው ተሰብስቦ የእናቴን ምሳ ይመክርበት ኖሯል!

«ሁላችሁም» አልኩ።

«አዎ ሁላችንም» አለች ዘሃራ። «አንቺስ? ሰባት ወር ምን በላች ስትይ፣ አንድ ቀን ስልኩን አፏ ላይ አድርጉልኝ፣ ትንፋሿን ልስማ ብለሻል?»

እንቀጥል።

ዘሃራ ዳቦዋን ገፋ አድርጋ፣ እንጀራ ቆርሳ፣ አረንጓዴውን ወጥ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች። አላመጠች። ከዚያ አስካለን ዞር ብላ አየቻት። «እኔ በዚህ ቤት ስንት ፋሲካ ዳቦ ስገምጥ ማንም እጄን ተጸየፍሽ አላለኝም። ይቺን አሮጊት ግን ካልዋጥሽ ብላችሁ ልታንቋት ነው። እጅሽን አውርጂ፣ ደከመሽ። ይልቅ ከዚህ ቅመሺ!»

አስካለ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። ከእኔ ድስት በጥቂቱ አጠቀሰች። ቃሪያው ዓይኗን አስነባው፤ ወይም ቃሪያው አይደለም። ዋጠች።

«እማዬ ብትቀምሰው ትወደው ነበር» አለች።

ደግሞ ጀመረች! ከተቀበረች ስንት ዘመኗ፣ አሁንም አላሳረፈቻትም። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

«ጨው አነሰው ነበር የምትለው» አልኩ።

ማን እንዳናገረኝ አላውቅም። ማንም አልሳቀም። አስካለ አንገቷን ነቀነቀች፤ ከአረንጓዴው ወጥ ጠቅልላ እጇን እንደገና ዘረጋች። አፌ ክፍት ስለነበር በላሁ። እኔም አጎረስኳት። ጨው በእርግጥ አንሶታል።

ጋሽ ታደሰ የሰዓት ክዳን እንደ ገጠመ ሰው እፎይ አሉ። «እንግዲህ ይቅር ተባባሉ።»

«ይቅር በይኝ እትዬ» አለች አስካለ፣ ጉልበቴን ይዛ።

«አልልም» አልኩ።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ትመጣለች። ዘነዘናውን የምትይዘው እሷ ናት፤ የእኔ ትከሻ አልችል ብሏል። ዘሃራ ጨዉን ትቀምሳለች፣ ጋሽ ታደሰ ሳይጠሩ ይደርሳሉ፣ ድስቱ ጥርግ ይላል። በሰፈር «ታረቁ» እየተባለ ነው። ካፌውም ሰምቷል፤ አስተናጋጁ «ይሄኛው ዜና ቶሎ ደረሰ» ብሎኛል። ይበሉ።

ድስት ሌላ ነው፣ ይቅርታ ሌላ። አስካለን ይቅር አላልኩም። ጋሽ ታደሰን አላልኩም። ዘሃራን ከነጨዋ አላልኩም። በየእሑዱ የሞተች ሴት ምን እንደበላች ሰምታ ስልኩን ዘግታ በሰላም የተኛችውንም ሴትዮ አላልኩም። አልልምም።