ናይትሮ በእትዬ ብዙነሽ ግቢ

እኛ ጎንደሬዎች ሰው ሲያስነጥስ “ይማርሽ” ብለን እናልፋለን፤ ሞተር ሲያስነጥስ ግን ሁላችንም ሐኪም ነን! አላመናችሁም? እስቲ አንድ ሞተር አስነጥሱና የግቢያችሁን በር ገርበብ አድርጉት...

እኔ ዓይናፋር ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ሰፈሬን ማራኪን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ናይትሮ በሚሉት ነዳጅ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚነዳ፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ጩኸቱ ግን የእንጨት መሰንጠቂያ የሚያስንቅ መጫወቻ ማኪና ይገዛል? ገዛሁ! አንድ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሸጠልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ላስነሳት ስሞክር አከራዬ እትዬ ብዙነሽ በመስኮት ብቅ አሉ።

“ምነው ልጄ! ይህን ድምፅ ሁለተኛ ከሰማሁ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ።”

ማራኪ ውስጥ በደመወዝ የሚቀመስ ቤት ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ያን ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አልነግራችሁም።

እናም እትዬ ብዙነሽ ጠዳ ክርስትና ተጠርተው የሄዱበትን እሑድ ጠበቅሁ። መመሪያውን፣ ካቻቢቴውንና ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ግቢው መሃል ተቀመጥሁ። መመሪያው “የነዳጁን ብሎን እስኪቆም አጥብቀው ሁለት ዙር ተኩል ያላሉት” ይላል። አላላሁት። ግማሿን ዙር በፕሮትራክተር ለካሁ። (አትሳቁ! ጥንቃቄ ነው።)

የማስነሻ ገመዷን ሳብሁ። አሳለች፤ አጨሰች፤ ጠፋች። መመሪያውን አየሁ፤ ብሎኑን ለካሁ፤ ልክ ሁለት ዙር ተኩል! እንደገና ሳብሁ። በአምስተኛው ጊዜ ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ገባ።

የሚኒባስ ሹፌሩ ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዘው በሩጫ ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው፣ ሁሉም ከነባልዲው።

“እሳቱ የት አለ?”

“እ... እሳት የለም ጋሽ ሞላ። እሷን እያስተካከልኋት ነው።”

“ማንን?”

በጣቴ አሳየኋቸው። ባልዲያቸውን አስቀምጠው ዙሪያዋን ዞሯት።

“ካንዴላዋ ነው” አለ አንዱ።

“ኧረ ካርቡራቶሯ ነው!” አለ ሌላው።

“ትገፋ!” ብለው ፈረዱ ጋሽ ሞላ።

በገመድ እንጂ ተገፍታ እንደማትነሳ ልናገር አፌን ከፈትሁ... ግን የእኔን አፍ ታውቁታላችሁ። ሦስት ጎልማሶች ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ይገፏት ጀመር።

“ሁለተኛ ማርሽ አስገቢላት!”

“ማርሽ የላትም...”

“ፍሬኑንስ ለቀሻል?”

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲገፏት ቆይተው የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ ብዙነሽ! ለካ አንድ ደግ ጎረቤት “ግቢሽ ተቃጠለ” ብሎ ጠዳ ድረስ ደውሎላቸዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ እያለከለኩ፣ አንዴ እኔን አንዴ ባልዲዎቹን አዩ። እኔ በሐሳቤ አልጋዬን ፈታትቼ መጻሕፍቴን ካርቶን ውስጥ አስገብቻለሁ።

“አስነሺያት” አሉኝ።

“እ?”

“አስነሺያት እንጂ፣ ልስማት!”

ሳብሁ። አሳለች፤ አጨሰች፤ ጠፋች።

“ነዳጅ በዝቶባታል።”

“መመሪያው ግን ሁለት ዙር ተኩል ነው የሚለው፣ እትዬ” አልሁ። ሰው ፊት ስከራከር የመጀመሪያዬ ነው!

“የጻፈው ሰው ሞተሩን የሞከረው የት ሆኖ ነው?”

አገላበጥሁት። በትንንሽ ፊደል “ይህ ልክ ለባሕር ጠረፍ ነው” ይላል። አራት ጊዜ ያነበብሁት መስመር ነው። ጎንደር ደጋ ላይ መሆኗ ብቻ ነበር ያልታወሰኝ።

“እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወፍጮ ሞተር ከመተማ ማክሰኝት ያወጣን ጊዜ እንዲሁ በጭስ ሊፈጀን ነበር” አሉ። “ቆላ የለመደ ሞተር ደጋ ሲወጣ አየር ያጥረዋል። ጉርሻውን ካልቀነስሽለት ይታነቃል። በይ ካቻቢቴውን አምጪው!”

በክርስትና ልብሳቸው ተንበረከኩ። ብሎኑን ጠበቅ አድርገው “አስነሺያት” አሉኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ደግሞ ጥቂት ጠበቅ። ማሳሏን ተወች። ጭሱ ሳሳ። ከዚያማ ጩኸቷ እንደ ፉጨት ጠራ!

“ሸጋ!” አሉ ጋሽ ሞላ።

“እትዬ... እንግዲህ ቤቱን ልልቀቅ?” አልሁ።

“ለምን ብለሽ? እኔ የታነቀ ሞተር እየሰማሁ መቀመጥ አልችልም፤ ሌላ ምን አጠፋሽ? ይልቅ ሪሞቱን ወዲህ በይ።”

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሬ ይንኳኳል። እትዬ ብዙነሽ ነዳጁን ከአዲስ አበባ አስመጥተው ግቢውን ሲያዞሯት ያመሻሉ፤ ጋሽ ሞላ ሰዓት ይይዛሉ፤ እኔ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ ለማንበብ እታገላለሁ።

ቤቴ አልተነጠቀም፤ ተመስገን። ግን ጸጥ ያለ ግቢ የሚያከራይ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ጠቁሙኝ። እትዬ እንዳይሰሙብኝ... ደግሞስ በዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ይሰማሉ!