የእትዬ ጥሩሸዋ ቀኝ ጉንጭ

ነገሩ በ1999 ክረምት ነው። ወይስ በ97? የመሐል ሜዳ ከተማ ሱቆች በራቸው ላይ ባንዲራ ሲሰቅሉ ትዝ ይለኛል፤ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ስለነበር 99 መሆን አለበት። ባንዲራው የምርጫው ከሆነ ግን ተሳስቻለሁ።

የማልሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በየከተማው ሐኪሞችን ሁሉ ተማሪ የሚያደርግ አንድ ሕመምተኛ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን እትዬ ጥሩሸዋ ነበሩ፤ የቀኝ ጉንጭ ሕመም ሊቀ ሊቃውንት፣ የአንድ ትልቅ ቢጫ ፖስታ ባለአደራ።

ሕመማቸው የፊት ነርቭ ነው። የመንዝ ነፋስ ጉንጫቸውን ዳሰስ ሲያደርገው ወይም ቆሎ ሲቆረጥሙ እንደ መብረቅ ይመታቸዋል። ጥርስ ነው ተብሎ አራት ደህና ጥርስ ተነቅሎባቸዋል። "ያለ ምስክር የተፈረደባቸው ንጹሐን" ይሏቸው ነበር። ግማሽ ፊታቸውን በባና ሸፍነው በግራ አፋቸው ብቻ ከተማውን ያስተዳድራሉ። ሰላምታም በግራ ነው፤ አራት ጊዜ የሚስም ሰው አራቱንም እዚያው ይጨርሳል። ልጃቸው እስከዳር እንኳ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ግራውን ብቻ ስማ ትገባለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀኙን የሳመ ሰው የለም።

ምንተስኖት የሚባል አንድ ወጣት ዶክተር፣ የዚህን ሕመም መነሻ በጭንቅላት ምስል እያጠናን ነው ብሎ አዲስ አበባ ወሰዳቸውና ኤምአርአይ አስነሳቸው። ከዚያ ወዲህ ወዮ ለመሐል ሜዳ! ገበያ መሐል ፊልሙን ከቢጫው ፖስታ አውጥተው ወደ ፀሐይ ያነሡታል።

"ይቺ አመድማ ክር ነርቧ ናት። ይሄ ጥቁሩ ደም ሥር ነው፤ ድንበር ገፍቶ ተጋድሞባታል።"

"እንዴት ታወቀ?" ትላለች ጎረቤታቸው ጌታነሽ።

"ፊልሙ ላይ አለ!"

የሁሉም ነገር መልስ ይኸው ነበር። አንድ ቀን የጌታነሽን የጉልበት ቁርጥማት በራሳቸው ጭንቅላት ፊልም መርምረው መድኃኒት አዘዙላት።

መንዝ ውስጥ ድንበር ቀልድ አይደለም፤ ለአንድ ክንድ መሬት ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ የሚሟገትበት አገር ነው። ዶክተሩ ያሰበላቸው ኦፐራሲዮንም የገባቸው በዚሁ መንገድ ነው። ዶክተሮቹ ከጆሮ ኋላ ከፍተው በደም ሥሩና በነርቩ መካከል ጥጥ የመሰለ ነገር ይወትፋሉ። "የወሰን ድንጋይ" አሉት። ቀኝ ጆሯቸውን ሊያደነቁር ይችላል መባሉ ግን አሳሰባቸው። "ጥፋተኛው ደም ሥሩ መሆኑ ከተረጋገጠ እከፈታለሁ። ካልሆነ ጆሮዬን በከንቱ አልከስርም።"

እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር የምርመራውን ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። አንብቤ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

"በል እንጂ መምህር፣ ፍርዱ ምን ይላል?"

"እትዬ፣ በግራም በኩል ደም ሥሩ ነርቩን ነክቶታል ይላል።"

"በማያመኝ በኩል?"

"አዎ። የተነካ ሁሉ አያምም። አንዱ አሞ ሌላው የማያመው ለምን እንደሆነ ነው የሚያጠኑት።"

ፊልሙን ገለበጡት፤ መልሰው ገለበጡት።

"እንግዲያ ግራዎቹ ተጎራብተው በሰላም እየኖሩ ነዋ! ታዲያ የቀኞቹን ምን አጣላቸው?"

"እሱ ፊልሙ ላይ የለም" አልኩ።

መቀለዴ ነበር። አልሳቁም። ፊልሙን ፖስታው ውስጥ ከተው፣ ባናቸውን አጥብቀው ወጡ። ያቺን ቃል ዛሬም ብመልሳት ደስ ይለኛል።

በሳምንቱ አዲስ አበባ መሄዳቸውን ሰማን። ሊከፈቱ ይሁን ከዶክተሩ ጋር ሊሟገቱ የሚያውቅ አልነበረም። ከተማው ጭር አለ። ጌታነሽ ጉልበቷን የሚያይላት አጣች። እኔም ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ "ይሄ የት ተጽፏል?" ቢለኝ "ፊልሙ ላይ አለ" ብዬው አረፍኩ።

ከወራት በኋላ መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ወደ እስከዳር ሊሄዱ ነው። ነፋሱ አቧራውን ያነሣዋል፤ እሳቸውም እንደ ድሮው ተሸፋፍነዋል። እንደ ልማዴ ወደ ግራቸው ጎንበስ ስል አገጬን ያዙና ባናውን ገለጥ አድርገው ቀኙን ሰጡኝ።

እንቁላል እንደሚያነሣ ሰው ተጠንቅቄ ሳምኩ።

"ሳም እንጂ አንተ! ጉንጭ ነው እኮ፣ ታቦት አይደለም።"

ደግሜ ሳምኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ፊታቸው ግን አልተኮማተረም። ሻሻቸው ከጆሯቸው ኋላ ያለውን ሁሉ ሸፍኗል። የወሰን ድንጋዩ ገብቶ ነው ወይስ ችለውት? "እትዬ፣ ታዲያ…" ስል ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ እሳቸውም ገቡ።

ቢጫው ፖስታ እጃቸው ላይ እንዳልነበረ ያስተዋልኩት አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ነው።