ሰባቱን ሳልዳስስ

ከሌባ የከፋ ሰው ካለ፣ ያለልክ ታማኝ የሆነ ሰው ነው። ሌባ ቢያንስ ይቸኩላል።

ጉምሩክ ለሻይ ላኪ ድርጅታችን «የታመነ ነጋዴ» የሚል ምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ ሞምባሳ ወደብ ላይ መፈተሽ ቀረልን ብለን እኛ ሾፌሮች ፍየል አረድን። ፍተሻው የቀረው ግን ወደቡ ላይ ብቻ ነበር። ወደ መጋዘናችን በር መጥቶ በክቡር ጋሽ ቼንጎ እጅ ወደቀ።

ጋሽ ቼንጎ የበሩ ኃላፊ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ኮንቴይነሩን ይዞሩታል፦ ፊቱን፣ በሩን፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ሥሩን። እያንዳንዱን አንኳኩተው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ፣ ከዚያ በመዝገባቸው ይጽፋሉ። «ሰባቱን ሳልዳስስ አይወጣም» ነው መዝሙራቸው። የድርጅቱን ባለቤት መታወቂያ ጠይቀውታል። በልጃቸው ሠርግ አማቾቻቸው ያመጡትን ቁም ሣጥን ከጀርባው አንኳኩተዋል፤ አማቾቹ እስከ ዛሬ አኩርፈዋል።

ባለፈው ክረምት፣ መርከቡ ጭነት መቀበል ሊያቆም ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ እሳቸው መኪናዬ ሥር ተጋድመዋል።

«ጋሽ ቼንጎ፣ ጉምሩክ አምኖን የለም እንዴ?»

«እናንተን አመነ። እኔን መች ጠየቀኝ?»

«ሃያ ዓመት ያውቁኛል እኮ!»

«አንተን ነው የማውቀው። ሥሩን አላውቀውም።»

መርከቡ ጥሎኝ ሄደ። ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ ይዳሰሳል? ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ነፈግኳቸው፤ እሳቸው ልብ ያሉትም አይመስለኝም።

ያ ኮንቴይነር በሚቀጥለው መርከብ ሄደ። ባሕር ማዶ ሲከፈት ከሻዩ ሥር የተደበቀ ሲጋራ ተገኘ። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሾፌርን ነው፤ ያዙኝ። ሁለት ቀን ታስሬ ስቆይ ከድርጅቱ ማንም ብቅ አላለም። ያ ሁሉ የታመነ ነጋዴ የት እንደገባ እንጃ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ቼንጎ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ቀኑ፣ ሰባቱ ንጹሕ፣ ከበር ሲወጣ ኮንቴይነሩ የታሸገበት የማሸጊያ ቁጥር፣ ሁሉም ተጽፏል። ወደቡም ከእኔ ሲረከብ የመዘገበው ያንኑ ቁጥር ነው። ባሕር ማዶ የተገኘው ማሸጊያ ግን ሌላ ቁጥር ነበረው። ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ነው የተከፈተው።

መርማሪው መዝገቡን ዘጋና ወደ እኔ እየጠቆመ «ታዲያ ይህን ካዙንጉ የሚባለውን ሰው ያምኑታል ማለት ነው?» አላቸው።

«እንዴት አምነዋለሁ?» አሉ ጋሽ ቼንጎ። «ፈትሼዋለሁ እንጂ።»

ተፈታሁ፤ በማግስቱ ጠዋት መኪናዬን በሩ ላይ አቆምኩ። አሁንም ያናድዱኛል። ወረድኩና ዱላቸውን ከግድግዳው አንስቼ አቀበልኳቸው።