ወይዘሮ ቬርና እና የኦዴል ቀይ ፒካፕ

የጋዝ ቧንቧ በተቀበረበት አገር ሁሉ አንዲት ወይዘሮ ቬርና አይጠፉም። ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጢማም ወንድ ሆነውም ሊመጡ ይችላሉ። ምልክታቸው ግን አንድ ነው። ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አካፋው ከመኪና ወርዶ፣ ጉድጓዱ ሊጀመር ሲል ከየት መጡ ሳይባሉ ከኋላህ ቆመው "እስቲ ካርድህን፣ የኔ ጌታ" ይላሉ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እንኳ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

ለእኛ ለኦክላሆማዎቹ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ቬርና ስታብስ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው። ቁመታቸው ከአካፋ እጀታ ብዙም አይዘልም፤ ድምፃቸው ግን የኤክስካቫተር ሞተር ይበልጣል። ሥራቸው እኛን መጠርጠር ነው። በእኛ ሙያ "የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ" ብሎ መኩራራት ብቻውን የትም አያደርስም። ቫልቭ ለማዞር አንድ ፈተና አለ፣ የተቀበረ ቧንቧ ፈልጎ ለማግኘት ሌላ፣ በቧንቧ ዙሪያ ለመቆፈር ደግሞ ሌላ። ፈታኙ ስትሠራ በዓይኑ አይቶ፣ ጠይቆ ካርድህ ላይ ካልፈረመልህ እጅህን አታስገባም። ፊርማውም በሦስት ዓመቱ ጊዜው ያልፍበታል፤ እንደገና ትፈተናለህ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እኛ ዘንድ ጥምጥሙ ሄልሜት ነው፣ መምህሯም ወይዘሮ ቬርና።

አንድ ጊዜ ከሂዩስተን ዋና መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹም ሊጎበኙን መጡ። ሄልሜታቸው ከመንጣቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል። ለፎቶ ብለው አንዱን ቫልቭ ሊያዞሩ እጃቸውን ሲዘረጉ ከኋላ "ካርድ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ሹሙ ሳቁ። "እኔ እኮ የክፍሉ የበላይ ኃላፊ ነኝ።"

"ሹመት ቫልቭ አያዞርም፣ የኔ ጌታ። ይበሉ ከአጥሩ ወዲያ።"

ሹሙ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ዛሬም ቢሯችን ግድግዳ ላይ አለ፤ የአጥሩ ሽቦ ፊታቸው ላይ ስላረፈ የታሰሩ ይመስላሉ።

ወይዘሮ ቬርና እሑድም አያርፉም። በቤተ ክርስቲያናችን የምሳ ግብዣ ላይ ፓስተር ሮይስ የሥጋ መጥበሻውን ሊለኩሱ ሲሉ ወይዘሮ ቬርና የሳሙና ውሃ በስፖንጅ ይዘው መጡና የጋዙን ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀቡት። አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው። ሰባ ሰው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች። ያን ቀን የበላነው ቀዝቃዛ የድንች ሰላጣ ነው፤ ፓስተሩም ስለ ትዕግሥት ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ።

ከሁላችንም ይልቅ ወይዘሮ ቬርናን ማየት የማይወደው የእህቴ ባል ኦዴል ነበር። ኦዴል ደግ ነው፣ ብርቱ ነው፣ የሚሰማው ግን የራሱን ድምፅ ብቻ ነው። ደረታችን ላይ የምንሰካት፣ ጋዝ ሲሸታት የምትጮህ ትንሽ መለኪያ አለች። ኦዴል "ይቺ ደግሞ ሁለተኛዋ ቬርና ናት" እያለ ነቅሎ ይጥላታል። እህቴ ኖሪን ደግሞ ያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከአሥር ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ እርግዝና ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚጠብቀው።

የእኔ ተራ የደረሰው በመስከረም ነው። የመቆፈሪያ ካርዴ ጊዜው ሊያልፍበት ሆነ፤ ካላደስኩ ደግሞ በብራየር ወንዝ ዳር ከሚሠራው ቡድን መውጣቴ ነው። ቁፋሮውን በደንብ ሠራሁ። ከዚያ ወይዘሮ ቬርና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ጋዝ አፈተለከ። ፒካፕህ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሟል። ምን ታደርጋለህ?"

"በፍጥነት ከዚያ አነሳዋለሁ።"

"ወደቅህ።"

"እንዴ! ለምን?"

"ሞተር ስታስነሳ ብልጭታ አለ። ፒካፑም አንተም አብራችሁ ትነሳላችሁ፣ ወደ ሰማይ።"

እዚህ አገር ለሰው ፒካፑ ምኑ እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ሚስቱን በስሟ ለመጥራት የሚያፍር ሰው ለፒካፑ የቁልምጫ ስም ያወጣል። በሁለተኛው ፈተና ተከራከርኩ፤ "ንፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢሆንስ?" አልኩ። እንደገና ጣሉኝ። እስክማር ድረስ መንገድ ላይ "ቀስ በሉ" የሚል ምልክት ይዤ እንድቆም ተመደብኩ። ሳምንቱን ሙሉ የወረዳው ሰው በሙሉ ጥሩምባ እየነፋልኝ አለፈ። የእናቴ ጎረቤት እንኳ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ "ሌላንድ፣ ምን አጥፍተህ ነው?" አለችኝ።

በሦስተኛው ጥርሴን ነክሼ ትክክለኛውን መለስኩ። "ቁልፍ አልነካም። ሁሉን ትቼ፣ ንፋሱ ወደሚመጣበት በኩል በእግሬ እሄዳለሁ።"

ይፈርማሉ ብዬ ብጠብቅ ብዕራቸውን ጆሮአቸው ላይ ሰኩት። "ይሄ የመለሰው አፍህ ነው። አሁን ደግሞ እግርህ ይመልስልኝ።"

ግቢ ውስጥ አቆሙኝ። ሣር ነጭተው ወደ ላይ በተኑ። "ንፋሱ ከየት ነው?" ጠቆምኩ። "ቁልፍህን ጣል።" ጣልኩ። "ሂድ!" ሄድኩ። መለሱኝ። አምስት ጊዜ። ኦዴልና ባልደረቦቼ አጥሩ ላይ ተደግፈው በሳቅ እየፈረሱ፣ እኔ አርባ ስድስት ዓመቴን ይዤ ቁልፌን አቧራ ላይ እየጣልኩ ወደ ንፋስ ስሮጥ ዋልኩ። በስድስተኛው ፈረሙ። ያን ቀን በልቤ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ይቅር ይበሉኝ።

በጥቅምት አጋማሽ ብራየር ወንዝ ዳር ነበርን። ኤክስካቫተሩ ጠፍቶ፣ ደንቡ እንደሚለው በቧንቧው ዙሪያ በአካፋ ብቻ እንቆፍራለን። አራት ነን። ፒካፖቹን ጠዋት ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል አቁመናል። ረፋዱ ላይ ግን ንፋሱ ወደ ፒካፖቹ ዞረ፤ ልብ ያለው አልነበረም። ኦዴል መለኪያዋ ገና ለገና ትጮሃለች ብሎ ነቅሎ የአዲሱ ቀይ ፒካፑ የጎን መስታወት ላይ ሰቅሏታል።

ከዋናው ቧንቧ ጎን አሮጌ ትንሽ ቱቦ ተገጥማለች። አፈሩ ከላይዋ ሲነሳ ለስንት ዓመት ዝገት ሲበላት የኖረች ኖሮ፣ ማንም ሳይነካት ከሥሯ ተሰበረች። መጀመሪያ እንደ እባብ ሲስ አለ፤ ከዚያ መሬቱ ጮኸ። በዚህ መስመር የሚሄደው ጋዝ ሽታ የለውም። ድምፁ ግን የራስህን ጩኸት እንኳ አያሰማህም።

እውነቱን ልናገር። እጄ ቀድሞኝ ኪሴ ገብቶ ቁልፌን ይዞ ነበር። ወደ ፒካፔ ሁለት እርምጃም ተራምጃለሁ። ከዚያ እግሬ ቆመ። አስቤ አይደለም፤ ጊዜም አልነበረም። ቁልፉን ጣልኩ፤ የሣሩን መተኛት አይቼ ንፋሱ ከየት እንደሆነ አወቅሁ። ሁለቱ ባልደረቦቻችን ሮጠዋል። ዞር ስል ኦዴል ቁልፉን ይዞ ወደ ቀዩ ፒካፕ ይበራል።

በቀበቶው ያዝኩት። በክርኑ አፍንጫዬን መታኝ፤ ደሜ አገጬ ላይ ወረደ። አልለቀቅኩትም። እሱ የሚለው አይሰማኝም፣ እኔ የምለው አይሰማውም። እንደ እልኸኛ ጥጃ እየጎተትኩ ጉብታው ድረስ ወሰድኩት። እዚያ ደርሰን ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደወልን፤ ከሩቅ ቫልቮቹን ዘጉልን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ።

ምንም አልነደደም። ቀዩ ፒካፕ አቧራ ለብሶ እንደቆመ ነው።

"አየህ?" አለኝ ኦዴል። "አየህ? አነሳው ነበር! ለከንቱ ነው ሱሪዬን የቀደድከው!"

ወይዘሮ ቬርና ሲደርሱ ማንንም አልተቆጡም። ቆጠሩን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ እንደገና ቆጠሩን። አፍንጫዬን በራሳቸው መሐረብ ጠርገው መሐረቡን እጄ ላይ ተዉልኝ። አካባቢው ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ወደ ቀዩ ፒካፕ ሄደው መስታወቱ ላይ የተሰቀለችውን መለኪያ ፈትተው ወሰዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ደንቡ ነውና የኦዴልን ካርድ እንደገና እስኪፈተን ድረስ ያዙበት። እሱም የመንገድ ምልክት እየያዘ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ "አነሳው ነበር" እያለ ሰነበተ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ቬርና ቢሮ አስጠሩኝና አንድ ወረቀት ፊቴ ላይ አደረጉ። ያቺ ትንሽ መለኪያ ያየችውን ሁሉ መዝግባ ትይዛለች። ጋዝ በጣም ካነሰ አይነድም፣ በጣም ከበዛም አይነድም፤ መካከሉ ላይ ከሆነ ግን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በወረቀቱ ላይ እኔና እሱ በቀበቶ ስንጓተት የነበርንባት ሰዓት አለች። ያን ጊዜ በኦዴል ፒካፕ በር አጠገብ ጋዙ ሰባት ደቂቃ ሙሉ መካከሉ ላይ ነበር።

ወንበር ሳልፈልግ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሥራ ስሠራ፣" አሉኝ ወይዘሮ ቬርና፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው፣ "ያስተማርኩት ለሰው ጠቅሞ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምንም ሳይፈጠር ሲቀር ወረቀት አይወጣለትም። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ቬርና" አልኩ።

"ለኦዴል ላሳየው?" ስላቸው ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

"አሁን አይሆንም። ሪፖርቱ ለሚመለከታቸው ሄዷል፤ እሱ ግን ኖሪን በሰላም እስክትገላገል እንቅልፉን ይተኛ። እስከዚያ ይጨቃጨቅ። ሳይፈተን ቁፋሮ አይገባም፤ ምን ይሆናል?"

በሕዳር መጀመሪያ ላይ ኖሪን ሴት ልጅ ወለደች። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ቬርና ኦዴልን አስጠሩት። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ወደ ቀዩ ፒካፕ ሄዶ እጁን በሩ ላይ አሳረፈና ሳይከፍተው ቆመ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"ኖሪን?" አለ። "የለም፣ ምንም አልሆንኩም። ዝም ብዬ ነው። ልጃችን ተኝታለች?... አይ፣ አትቀስቅሻት። ስልኩን ብቻ አጠገቧ አድርጊልኝ።"